«የ700 ዓመት የአረብ ሳንቲም» ሲሏችሁ ቁጥሩን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ

ወገኖች፣ አሮጌ ሳንቲም የምትሰበስቡ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ።

ሰሞኑን በቴሌግራም «ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእስልምና ሳንቲም» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። አንድ ጓደኛዬ 45 ሺህ ብር ከፍሎ ገዛና አምጥቶ አሳየኝ። የሻጩ ማስረጃ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቁጥሩን እየው፣ 1293 ይላል።»

አዎ፣ ይላል። ግን 1293 እ.ኤ.አ. አይደለም፣ የሂጅራ (የእስልምና አቆጣጠር) ዓመት ነው። በ0.97 አባዙትና 622 ደምሩበት፤ 1876 እ.ኤ.አ. ይመጣል። የኦቶማን (የቱርክ) ሱልጣን አብዱልሃሚድ ሁለተኛ ኢስታንቡል ላይ ዙፋን የያዙበት ዓመት ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። በአብዛኛው የኦቶማን ሳንቲም ላይ ትልቁ ዓመት ሱልጣኑ የነገሡበት ነው፤ ሳንቲሙ የተመታበት አይደለም። ጠገራ ብር መቼም ይታተም መቼ 1780 እንደሚል ማለት ነው። የታተመበትን ለማወቅ ከላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ፈልጉ። ስንተኛው የንግሥና ዓመት እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። በጓደኛዬ ሳንቲም ላይ 33 ትላለች። አንደኛው ዓመት 1293 ራሱ ስለሆነ፣ 33ኛው ማለትም የታተመበት 1325 ሂጅራ ነው፤ ወደ 1907 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ማሳተም ከጀመሩ በኋላ የመጣ ሳንቲም ለጓደኛዬ የ700 ዓመት ቅርስ ተብሎ ተሸጠለት!

አገላብጬ ሳየው ደግሞ «በግብፅ ተመታ» የሚል የአረብኛ ጽሑፍ አለው። ከሥሩ ኤች የምትል የላቲን ፊደል ተቀምጣለች። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የነበረው የሂተን ሳንቲም ፋብሪካ ምልክት ናት። ሳንቲሙ ሐሰተኛ አይደለም፤ በኦቶማን ሱልጣን ስም የተመታ ትክክለኛ የግብፅ ገንዘብ፣ 10 ቂርሽ ነው፣ 14 ግራም ብር። ብርቅ ግን አይደለም። ውሸቱ ዕድሜው ላይ ነው፣ 45 ሺው የተከፈለውም ለዕድሜው ነው። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ጓደኛዬ ሻጩን ሲጠይቀው ብሎክ አድርጎታል።

የአረብኛ ቁጥር ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ እባካችሁ ልመዱት። ነጥብ ዜሮ ናት። ክብ ስታዩ ዜሮ እንዳይመስላችሁ፣ አምስት ነው። ሰባት አፏን ወደ ላይ ትከፍታለች፣ ስምንት ትደፋለች። ሁለትና ሦስት የሚለያዩት በአንዲት ጥርስ ስለሆነ ሳንቲሙ ካረጀ እዚያ ላይ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው ማጭበርበሪያ ከህንድ የመጣ ነው። በአንድ ፊቱ የሂንዱ አማልክት ራም፣ ሲታ፣ ላክሽማንና ሃኑማን አሉበት፤ በሌላው «ኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ 1818» ይላል፣ ህንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ኩባንያው አሳትሞ አያውቅም። የራም ምስል ያለባቸው የአምልኮ ሳንቲሞች በህንድ የቆዩ ናቸው፣ ገንዘብ ግን አልነበሩም። የኩባንያው ስምና 1818 የሚለው ለገበያ ተብሎ የተጨመረ ነው። ሻጩ ትንሽ ካነበበ «ማድራስ ላይ ኩባንያው የሂንዱ አማልክት ያትም ነበር» ሊላችሁ ይችላል። እውነቱን ነው፤ ግን እነዚያ 3.4 ግራም አካባቢ የሚመዝኑ ፓጎዳ የሚባሉ ትንንሽ የወርቅ ሳንቲሞች ናቸው። በቤንጋል ደግሞ ኩባንያው በሙጋሉ ንጉሥ በሻህ አላም ስም፣ በፋርስኛ ጽሑፍ ነበር የሚያትመው። እዚያም «19ኛ የንግሥና ዓመት» የሚለው ለአሥርተ ዓመታት ሳይቀየር ቆይቷል። የእንግሊዝ ንጉሥ ምስል ያለበት አንድ ወጥ ሩፒ የመጣው በ1835 ነው፣ በዊልያም አራተኛ ጊዜ። ክብደቱ 11.66 ግራም ነው።

ይህቺን ባለ 1818 ሳንቲም «ሩዝ ትስባለች፣ ሚሊዮን ታወጣለች» የሚሉም አሉ። የሩዙ ፍሬ የብረት ዱቄት ተቀብቶ ማግኔት ነው የሚስበው። ህንድ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ያራቆተ ማጭበርበር ነው። «አሮጌ ሳንቲምህን በሚሊዮን እንገዛሃለን፣ ቀድመህ ኮሚሽን ክፈል» የሚለውም እዚያው በዝቶ፣ የህንድ ሪዘርቭ ባንክ በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. በስሙ ኮሚሽን የሚጠይቁ እንዳሉ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ቀድሞ ክፍያ የጠየቃችሁን ሰው መልስ እንኳ አትስጡት።

ሩፒም ይሁን ሌላ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ። ፎቶ ብቻ ከላኩላችሁ የጠርዙን ፎቶ ጠይቁ። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ካለ ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ነው። ፊደሎቹ የሟሙ ከመሰሉና ላዩ በጥቃቅን ቀዳዳ ከተሞላም ተዉት። «ቅድሚያ ክፈል፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ የሚያጣድፋችሁን አትስሙ።

ቀድማችሁ የገዛችሁት ካለ የሁለቱንም ፊትና የጠርዙን ፎቶ ከክብደቱ ጋር ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። ያቺ ትንሽ ቁጥር በደንብ እንድትታይ አድርጋችሁ አንሱት።