«ሙሉ ኪት» የተባለ የታይሚንግ ቺንጋ ሞተሬን በላው፤ ሳጥኑን ሳታስከፍቱ ብር እንዳታወጡ

ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ዳንግላ፣ የናፍጣ ሃይሉክስ ወይም የድሮ ሚኒባስ የያዛችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። 1,275 ብር አተረፍኩ ብዬ 92,000 ብር ያወጣሁ ሰው ነኝ።

መኪናዬ 3ኤል ሞተር ያላት አሮጌ ሃይሉክስ ናት። ጥቅምት ላይ ዳሽቦርዷ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትለው መብራት በራች፤ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እኩል የሚያስኬደውን ባለ ጥርስ ቀበቶ፣ ቀይሩ ማለቷ ነው። በነገራችን ላይ ይህች መብራት ቺንጋውን አይታ አይደለም የምትበራው። 100,000 ኪሎ ሜትር ቆጥራ ነው። የቀድሞው ባለቤት ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቷን ብቻ አጥፍቶ ከሸጠላችሁ እሷ ምንም አታውቅም።

ጋራዥ ወረፋው ብዙ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አውቶ መካኒክ የተማረ ልጅ ነው፤ «አያ፣ ግቢ ውስጥ እንሠራዋለን፣ አንተ ዕቃውን ብቻ አምጣ» አለኝ። ሄድኩ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ከታች ይገባችኋል።

ሻጩ በላስቲክ የታሸገ የቶዮታ ሳጥን ባንኮኒው ላይ አኖረልኝ። «ሙሉ ኪት ነው ወንድሜ። ቺንጋው፣ ቴንሽነሩ፣ አይድለሩ። የጃፓን ኦርጅናል።» (ቴንሽነሩ ቺንጋውን የሚወጥረው፣ አይድለሩ አቅጣጫ የሚያስይዘው ተሽከርካሪ ዕቃ ነው።) ዋጋውን ስጠይቀው «በደረሰኝ 9,775፣ ያለ ደረሰኝ 8,500» አለኝ። ልዩነቱ 15 በመቶው ቫት ነው። እኔም እንደ ብልህ ሰው ያለ ደረሰኙን መረጥኩ። ክፈትልኝና ልየው ስለው «ከተከፈተ በኋላ ማን ይገዛኛል?» አለ። እዚያው ላይ ትቼው መውጣት ነበረብኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉት ነገር ነው።

አሁን ስለ አገጣጠሙ ትንሽ ልዘርዝር፤ «ራሳችሁ አበላሽታችሁት ነው» የሚል ሰው ስለማይጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ነው የሠራነው። አሮጌውን ቺንጋ ከማውጣታችን በፊት የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ)፣ የካም ሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) እና የናፍጣ ፖምፓውን ምልክቶች አንድ ላይ አምጥተን በነጭ ቀለም ነካናቸው። አዲሱን ካስገባን በኋላ ልጁ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) አላስነካኝም። በክራንክ ሻፍቱ ብሎን ላይ መፍቻ ገጥሞ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካም ሻፍቱ አንዴ ብቻ ስለሚዞር፣ ምልክቶቹ ሁሉ እንደገና የሚገጥሙት ከሁለት ዙር በኋላ ነው። በመሀል ጠጥሮ ቢይዝ ቫልቭ ከፒስተን ተጋጭቷል ማለት ነበር፤ አልያዘም። ሦስቱም ምልክት ቦታው ላይ መጣ። በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ስናስነሳት በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች፣ ድምጿም እንደ ሰዓት ነበር።

ሦስት ሳምንት ሄደች። ከዚያ ከፊት በኩል ቀጭን ፉጨት ጀመራት። የፋን ቺንጋው ነው ብዬ ናቅሁት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም።

አንድ ቅዳሜ ከደጀን ስምንት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመለስ ሉማሜ ሳልደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። የናፍጣ ፖምፓው የሚዞረው በዚያው ቺንጋ ስለሆነ፣ ቺንጋው ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ፍሬኑም ሁለቴ ስረግጠው ደረቀ። ሜዳ ላይ መሆኑ በጀኝ። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል እየወረድኩ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ። ቆሜም አላረፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ሞተሪኖ አስጮህኩ። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ቁልፉን እንዳትነኩ። የተረፈ ቫልቭ ቢኖር እንኳ ያን ጊዜ ይታጠፋል። አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ማርቆስ አስገባኝ።

ሽፋኑን ስንከፍተው ቺንጋው አልነበረም ጥፋተኛው፤ ቢያንስ መጀመሪያ አልነበረም። የቴንሽነሩ ኩሽኔታ ደርቆ ተጣብቋል፣ ኳሶቹ ተፈጭተዋል። ቺንጋው በቆመ ብረት ላይ እየተፋተገ ጠርዙ ተላጭቶ ጥርሱ ረግፏል። ኩሽኔታውን በቤንዚን ስናጥበው አንጸባራቂው ነገር ለቀቀና ከሥሩ የአሮጌ ብረት ጭረት ወጣ። በጎኑ የነበረው ቁጥር በሞላ ተፍቋል። ያገለገለ ኩሽኔታ አጥበው፣ ግራሶ ቀብተው፣ አዲስ ሳጥን ውስጥ ከተውት ነው። ቺንጋው ላይ የታተመው ቁጥርም ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም፤ በአውራ ጣቴ ስጠርገው ጽሑፉ ጣቴ ላይ ቀረ። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው (ቫልቮቹ ካሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ቫልቮቹ አልተረፉም፤ ካም ሻፍቱም ለሁለት ተሰብሯል። ቫልቩ፣ ካም ሻፍቱ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የቴስታታው ሥራ፣ ጉተታው ተደምሮ ነው 92,000 የሆነው።

የተፈጨውን ኩሽኔታ ይዤ ወደ ሻጩ ሄድኩ። «ከእኔ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ቪዲዮውን ሳሳየው ደግሞ ሳቀ፤ «ግቢህ ውስጥ የገጠምከውን እኔ ላይ ልትጥል ነው?»

ለካ ያ 1,275 ብር ለዚህ ነበር የተቀነሰልኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ንግድ ቢሮ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኝ ነው። የሱቁን ስም እዚህ የማልጽፈውም ለዚሁ ነው፤ ያለ ወረቀት ስም ማጥፋት ይሆንብኛል።

ስለዚህ ሳጥን የማያስከፍት ሱቅ ካጋጠማችሁ ውጡ። የቶዮታ ታይሚንግ ቺንጋ ቁጥር 13568፣ ቴንሽነሩ 13505 ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሳጥኑና ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ መሆን አለበት። አሮጌውን ቺንጋ አትጣሉ፣ ይዛችሁት ሂዱና ከአዲሱ ጎን አስተኝታችሁ ጥርሱን ቁጠሩ። ኩሽኔታውን ጆሯችሁ አጠገብ ይዛችሁ በጣት አሽከርክሩት። አዲስ ከሆነ በግራሶው ምክንያት ከበድ ብሎ ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል፤ እንደ መጫወቻ ለረጅም ጊዜ ከተሽከረከረ ወይም ኮረኮረ ካላችሁ መልሱት። ከሁሉ በላይ ግን ደረሰኙ ላይ «የመኪና ዕቃ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ የዕቃው ቁጥር ይጻፍበት።

ትናንት በዚያ ሱቅ በኩል አለፍኩ። የዚያን ቀን መደርደሪያው ላይ እንደ እኔው ያሉ ስድስት ሳጥኖች ነበሩ። አሁን አራት ናቸው።