ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300 ዩዝድ ዴስክቶፕ፣ አልነሳም ሲል ምን እንደሆነ ራሱ ይናገራል

ለኮፒ ቤታችን የገዛነው ዩዝድ ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300 ነው፣ በፈረንጆች 2012 የወጣ፣ ሶስተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5፣ ራሙ (ስራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) ዲዲአር 3 የሚባለው አይነት። አሮጌ ነው ትሉ ይሆናል ግን ለፅሁፍ ለስካን ለፕሪንት ምንም አይጎድለውም፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ከገባለት ደሞ ቶሎ ነው የሚከፍተው። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ሲበላሽ ነው።

ቤት ስንቀይር አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሄደ፣ እዛ ስንሰካው ፋኑ ይዞራል ስክሪኑ ጥቁር። ጥገና ቤት ወሰድነው፣ ልጁ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል ሌላ ልቀይርላችሁ አለ። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ሰው ስንት ጊዜ አጠራቅሞ የገዛውን እቃ ሳያዩ ሞቷል ማለት ነውር ነው። ይዤው ተመለስኩ።

8300 መነሳት ሲያቅተው ፓወር በተኑ በቀይ ብልጭ ብልጭ ይላል አብሮም ይጮሃል፣ መቁጠር ብቻ ነው። 2 ከሆነ ፕሮሰሰሩ ግሏል፣ 4 ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል)፣ 5 ራም፣ 6 ግራፊክስ። ጩኸቱ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል መብራቱ ግን ይቀጥላል ስለዚህ ዘግይታችሁ ብትደርሱም መብራቱን ቁጠሩ። የኛ 5 ነበር። ገመዱን ነቅለን፣ ፓወር በተኑን ተጭነን ውስጡ የቀረውን ቻርጅ አስጨርሰን፣ ራሞቹን አወጣንና ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ቀስ ብለን አፀዳን፣ አቧራውን አራገፍን፣ ከዛ አንዷን ብቻ ሁለቱም ጎን ቀጭ እስኪል ድረስ ጫን አድርገን አስገባን፣ ተነሳ! ሁለተኛዋንም ጨመርን ሰራች። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ከቦታዋ ለቃ ነው እንጂ የተቃጠለ ነገር የለም።

ጭራሽ ምንም ምልክት ከሌለው ግን ከኋላ የመብራት ገመዱ ጋ ያለችውን አረንጓዴ መብራት እዩ። ካልበራች መጀመሪያ ዲቫይደሩንና ገመዱን ቀይሩ፣ ካልሆነ ፓወር ሰፕላይ ነው። እዚህ ጋ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ኤስኤፍኤፍ የሚሏት ትንሿ ሞዴል ፓወር ሰፕላይዋ የራሷ ቅርፅ ስላለው ገበያ ላይ ያገኛችሁት ሁሉ አይገባላትም፣ ቦታ ካላችሁ ትልቁን ታወር ግዙ። በነገራችን ላይ ከአሜሪካ የሚመጡ ሌሎች አሮጌ ዴስክቶፖች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ የቮልት መቀያየሪያ ያላቸው አሉ፣ 115 ላይ ሆኖ የኛ 220 ላይ ከሰካችሁት ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፣ እባካችሁ ሳትሰኩ እዩት።

ሌላው ድክመቱ ዊንዶውስ ነው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደሞ በፈረንጆች 2025 ጥቅምት ላይ ቆሟል። ባንክ ነክ ስራ ለምትሰሩበት አዲስ ጄኔሬሽን ፈልጉ ነው የምለው፣ ለፅሁፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስም ይጫንበታል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶት ከጠበቃችሁ አጥፉትና ገመዱን ነቅላችሁ ትንሽ አቆዩት፣ ከዛ ፊታችሁ ይነሳ። ስክሪኑ ላይ 163 ብሎ ሰዓትና ቀን አልተሞላም ካለ አትደንግጡ፣ ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት ያለቀችው፣ ቀይ እያበራ ከጮኸ ግን ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ብር አትክፈሉ።