ሌዘር ወይስ 420? ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ለመግዛት ላሰበ ሰው

ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ መግዛት የሚፈልጉ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ የትኛዋ እንደምትፈጥን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ «ቅዳሜ ጠዋት አብሮዎት ውሃ ላይ የሚወጣ ሰው አለ?» እላለሁ። ሌዘር 4.23 ሜትር፣ 420 ደግሞ እንደ ስሟ 4.20 ሜትር ስለሆኑ በርዝመት አይበላለጡም። ሌዘር ግን የአንድ ሰው ጀልባ ናት፤ 420 የተሠራችው ለሁለት ነው።

ሌዘርን የነደፋት ካናዳዊው ብሩስ ከርቢ ሲሆን ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዛሬ በውድድር ስሟ ኢልካ ትባላለች፤ ይህም የሌዘር ዓለም አቀፍ ማኅበር ምህጻረ ስም ነው። ያላት ሸራ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ቱቦዎች ተገጣጥመው ምሰሶ ይሆናሉ፤ ምሰሶው ያለ ምንም ሽቦ ይቆማል፣ ሸራውም እንደ እጅጌ ይጠለቅበታል። በዚያው አካል ላይ የምሰሶውን የታችኛ ክፍልና ሸራውን ብቻ እየቀየሩ 7.06፣ 5.76 ወይም 4.7 ካሬ ሜትር ሸራ መጠቀም ስለሚቻል፣ አባትና ልጅ አንዷን ጀልባ በየተራ ሊነዷት ይችላሉ። ነፋስ ሲበረታ ግን ሸክሙ በሙሉ የአንድ ሰው ነው፤ እግርን በጀልባዋ ወለል ላይ ካለው ማሰሪያ ሥር አስገብቶ ወደ ውጭ መንጋለል ጭንንና ሆድን ይፈትናል።

እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሞሪ የነደፋት 420 ሌላ ዓለም ናት። ምሰሶዋ በብረት ሽቦዎች ተወጥሮ ይቆማል፤ ከዋናውና ከፊት ሸራ ሌላ፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚነፋ 9 ካሬ ሜትር ስፒናከር አላት። ከኋላ የተቀመጠው መሪውንና ዋናውን ሸራ ይይዛል። የፊተኛው የቀሩትን ሸራዎች ያዝዛል፤ ነፋስ ሲጠነክር ደግሞ ወገቡን ከሽቦ ጋር አያይዞ ጠርዙ ላይ በእግሩ ይቆምና ሰውነቱን ከውሃው በላይ ይዘረጋል። ትራፔዝ የሚባለው ይህ ነው። ሁለት ዓመት የፊተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ነፋስ ውሃውን እያጠቆረ ሲመጣ ከሩቅ ማየትንና ለጓደኛዬ በጊዜ መናገርን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ያን ያህል የምማር አይመስለኝም። ሆኖም ጓደኛዬ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ጀልባችን ክረምቱን ሙሉ ተሸፍና ተቀመጠች።

የሰውነት ክብደትም ይታሰብበት። ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ ከ110 እስከ 130 ኪሎ አካባቢ ከሆኑ 420 ትመቻቸዋለች፤ ስለዚህ የወጣቶች ጀልባ ናት። ከእሷ ወደ ታላቋ እህቷ ወደ 470 የሚሻገሩ ብዙ ናቸው። ሁለት ወፋፍራም ጎልማሶች ከተሳፈሩባት ግን ትከብዳለች፣ ለእነሱ አልመክራትም።

ያገለገለች ሌዘር ሲገዙ ምሰሶው የሚቆምበትን ቀዳዳ ውሃ ይሙሉትና ይጠብቁ። ውሃው ከቀነሰ ጀልባዋን ይተዋት፤ ከፍተኛ ጫና የሚያርፍበት ያ ቦታ ነው። ለውድድር ከሆነም የማኅበሩ ማረጋገጫ ምልክት እንዳላት ያረጋግጡ። በ420 ላይ ደግሞ ክሮቹ የተበጠሱ ሽቦ እንዳይኖር በጨርቅ እየዳሰሱ ይፈትሹ፤ በባዶ እጅ ከሆነ ይቆርጣል። አሜሪካ ያላችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ክለብ 420 የምትባል፣ ከዓለም አቀፏ የከበደች ሌላ ጀልባ በብዛት ትሸጣለች። የልጅዎ ክለብ የሚወዳደረው በየትኛዋ እንደሆነ ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ።