ፕለም ቪሌጅ፦ ክፍያ የማይጠይቅ የሜዲቴሽን አፕ

ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልክ አነሳለሁ። «ኮንቴይነሬ ሞጆ ገባ?» «ዲክላራሲዮኑ አላለቀም እንዴ?» የሚደውለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተናዶ ነው። ስለዚህ የሜዲቴሽን አፕ ስፈልግ ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ስልክ እየጮኸ ይሠራል ወይ?

ፕለም ቪሌጅ ይሠራል። ባለቤቱ በዚሁ ስም የሚጠራው ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለው የቡዲስት ገዳም ነው። ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን ከሲስተር ቻን ኮንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 መሠረቱት። እሳቸው በ2022 ቢያርፉም ትምህርታቸው በራሳቸው ድምፅ አለ። ክፍያ የለም፣ ማስታወቂያም የለም። «ሰባት ቀን በነጻ ይሞክሩ» ብሎ የካርድ ቁጥር አይጠይቅም። የዶላር ካርድ ለሌለን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የወደድኩት ደወሉን ነው። ገዳሙ ውስጥ ደወል ሲሰማ ሁሉም ሰው የያዘውን ያቆማል፤ ወሬም ይሁን ማንኪያ። ሦስት ጊዜ በእርጋታ ተንፍሶ ይቀጥላል። ስልክ ሲጠራም እንደዚያው ነው፤ ዘሎ የሚያነሳ የለም። አፑ ላይ ይህ ደወል በየስንት ደቂቃው እንዲሰማ እንደፈለጋችሁ ታስተካክላላችሁ። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ አድርጌዋለሁ። እኛ ቢሮ ስልክ ሦስት ጊዜ ከጠራ አለቃዬ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ አንድ ትንፋሽ ብቻ ወስጄ አነሳለሁ። አንዱም ይበቃል። ድምፄ መረጋጋቱ ለራሴ ይታወቀኛል። ባለ ኮንቴይነሩ ግን እንደተናደደ ነው፤ ለሱ ደወል የለውም።

ሌላም ብዙ አለ። በድምፅ እየተመሩ የሚደረጉ ሜዲቴሽኖች፣ ተኝተው እያዳመጡ ሰውነትን የሚያፍታቱበት ልምምድ (እንቅልፍ ለራቀው ሰው ይሄን ነው የምመክረው)፣ ረጃጅም ትምህርቶች። ትምህርቶቹ አንዳንዶቹ ከአንድ ሰዓት ያልፋሉ፤ ለእሁድ አቆያቸዋለሁ። በዝምታ የመብላት ልምምዱ ግን ከአንድ ትሪ ለምንበላ ሰዎች አይመችም። ምሳ ላይ ዝም ብዬ ቀስ እያልኩ ስጎርስ «ታመሃል እንዴ?» ተባልኩ፤ ጉርሻም ተከተለ።

«ይሄ ቡዲዝም አይደለም ወይ?» የሚለኝ ጓደኛ አለ። ነው፤ አፑም አይደብቅም። ቲክ ናት ሃን ግን ሰዎች የራሳቸውን እምነት ሥር እንዲጠብቁ ነበር የሚመክሩት። እኔም ጸሎቴን አድርሼ ነው ቢሮ የምገባው፤ ትንፋሼን ልብ ማለቴ ከዚያ ጋር አልተጋጨብኝም።

አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛቸው ግን ቀስ ያለና ቀላል ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። የእንግሊዝኛ ችግር ያለበት ሰው ደወሉን ብቻ ቢጠቀም ያዋጣዋል። እናቴ ስልክ ላይ ጭኜላታለሁ። ትንፋሹን እንኳ ትታዋለች፤ ደወሉ ሲሰማ ተነስታ ወጥ ታማስላለች።