ፔርሲ ወይስ ፔርሲየስ፦ ለልጅ የትኛው ይቅደም?

አሜሪካዊው ደራሲ ሪክ ሪዮርዳን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ያሳተመው «የመብረቁ ሌባ» የተሰኘ የልጆች ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ፔርሲ ጃክሰን፣ ስሙን የወረሰው ከጥንቱ የግሪክ ጀግና ከፔርሲየስ ነው።

የጥንቱ ጀግና የአማልክት ንጉሥ የዜውስ ልጅ ነው፤ አማልክት መሣሪያ ያቀብሉታል፣ መንገድ ያሳዩታል። ፔርሲ ግን የባሕር አምላክ የፖሳይደን ልጅ ቢሆንም የ12 ዓመት ተማሪ ነው። ሲያነብ ፊደላት ይዘበራረቁበታል፣ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም፣ በየጊዜው ከትምህርት ቤት ይባረራል። ደራሲው ታሪኩን የጀመረው ተመሳሳይ ችግር ለነበረበት ልጁ ማታ ማታ ሲተርክለት ነው። ያ የአባት ፍቅር በየገጹ ይሰማኛል፤ ትምህርት የከበደው ልጅም ራሱን እዚህ ያገኛል።

ፊቷን ያየን ሁሉ ወደ ድንጋይ የምትለውጠውን ጭራቅ፣ ሜዱሳን እንመልከት። በጥንቱ ተረት ፔርሲየስ በተኛችበት፣ በጋሻው ላይ የሚታየውን ምስሏን እያየ አንገቷን ይቆርጣል። በልብ ወለዱ ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሐውልት የምትሸጥ ደግ መሳይ ሴት ሆና የተራቡ ልጆችን ጠርታ ታበላለች። ይህችኛዋ እጅግ ታስፈራለች! እንግዳ ተቀባይነቷ ራሱ ወጥመድ ነውና።

ጥንቱ የሚበልጥበትም አለ። ፔርሲየስ ከባሕር አውሬ ያዳናት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌውስ ልጅ ናት። ግሪኮች በዚህ ስም የጠሩት ምድር ከዛሬዋ አገራችን ጋር በትክክል ባይገጥምም፣ ስሙን የሰማ ልጅ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም።

እኔ ልብ ወለዱን አስቀድማለሁ። ልጁ «ፔርሲየስ ማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ የጥንቱን አወጣለታለሁ።