ሒሳብ ማገድ ወይስ ገበያ መዝጋት?

በሰሜኑ ጦርነት የተነሳ አሜሪካ ሁለት የኢኮኖሚ በትሮች አንስታ ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ባይደን የፈረሙት ትእዛዝ ነው። ጦርነቱን ለአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ስጋት ብሎ ፈርጆ፣ በስም የተለዩ ሰዎችንና ተቋማትን ሀብት ለማገድ በር ከፈተ። ሁለተኛው ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ሕግ ተጠቃሚነት፣ ማስወጣት ነው።

እዚህ ድሬዳዋ ሆኜ ሳስበው ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም።

እገዳው ስም ይጠራል። በኖቬምበር 2021 የኤርትራ ጦርና የኤርትራ ገዢ ፓርቲ ተጠሩ። ድክመትም አለው፤ አሜሪካ ባንክ ገንዘብ የሌለውን ሰው ብዙም አያስደነግጠውም።

አጎዋ ስም አይጠራም። ሸሚዙ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ሲቀር፣ ሸሚዙን የሚያዘው ኩባንያ ሒሳቡን ሠርቶ ወደ ሌላ አገር ይዞራል። ዳፋው የሚያርፈው ማሽን ላይ ተቀምጣ ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ላይ ነው። የእኛም ከተማ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለው፤ እነዚህን ልጆች እናውቃቸዋለን። ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። ደመወዟ ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ከተረፈም ለእናቷ ነው። ጦርነቱን አላወጀችም፤ ልታስቆመውም አትችልም። ታዲያ እሷን መቅጣት ማንን ያስገድዳል?

ምረጥ ከተባልኩ ያለማመንታት ሒሳብ ማገዱን እመርጣለሁ። ስህተት ቢኖርበት እንኳ ስም ከዝርዝር ይሰረዛል። የሄደ ፋብሪካ ግን በፊርማ አይመለስም። ፕሪቶሪያ ላይ ኖቬምበር 2022 ሰላም ተፈረመ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም ኢትዮጵያ ወደ አጎዋ አልተመለሰችም።