ለወፍጮና ለፓምፕ ሞተር የትኛው ማርሚታ ይሻላል? የፋብሪካው፣ የአይሱዙው ወይስ በያጁ የሚሠራው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማርሚታ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠመውን የድምፅ ማብረጃ፣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ደጋው ላይ በናፍጣ ሞተር ወፍጮ የሚያሠራ ነው፣ ወይ ሸዋሮቢት አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በፓምፕ የሚያጠጣ። የሁለቱም ማርሚታ በዝገት ይበሳል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎረቤት ያጉረመርማል። መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው።

ያለው አማራጭ ሦስት ነው፦ እንደ መለዋወጫ የሚሸጠው የፋብሪካ ማርሚታ፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወይም ከቅርብ ጋራዥ የሚገኝ ያገለገለ የአይሱዙ ማርሚታ፣ እና በያጅ በላሜራ የሚሠራው። ለደጋ ወፍጮ እኔ በያጁ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ለፓምፕ ደግሞ የፋብሪካውን።

ነገሩ የሚጀምረው ከድምፁ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 2,200 ሲዞር በሰከንድ 18 ጊዜ ገደማ ይተኩሳል። እንዲህ ያለ ወፍራም፣ ግድግዳ አልፎ የሚገባ ድምፅ የሚበርደው በባዶ ቦታ ነው። ጭሱ ከጠባብ ቱቦ ወጥቶ ሰፊ ክፍል ሲያገኝ ግፊቱ ይላላል፣ ተኩሱም ለስለስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሻጩ «ወፍራም ብረት ነው» ሲልዎት መጀመሪያ ስፋቱን ይዩ። የፋብሪካው ማርሚታ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ እንዲሄድ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ነው፤ ርካሽና ልኩ የታወቀ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ወፍጮ ግን አይበቃም።

ከፍታውም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ በመሳሳቱ ብቻ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። በዚህ ላይ ጭሱን የሚያንቅ ጠባብ ማርሚታ ከተጨመረበት ገብስ ሲጎርስ ወዲያው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍጣም ይበላል። ጣርማበርን ወርደው 1,300 ሜትር አካባቢ ያለችው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ይህ ችግር በግማሽ ይቀላል።

የአይሱዙው ማርሚታ ከአራት ሊትር በላይ ለሆነ ሞተር የተሠራ ነው፤ አንድ ሊትር ለማይሞላ የወፍጮ ሞተር ሰፊ ነው፣ አያንቅም። ችግሩ ያገለገለ መሆኑ ነው። ዝገት ከውስጥ ይጀምራል፤ ሞተር ሲጠፋ የጭሱ እርጥበት ውሃ ሆኖ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ ከናፍጣው ድኝ ጋር ተደባልቆም አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ላዩ ቀለም የተቀባ ቢሆንም ይወዝውዙት፤ ውስጡ ከተንቋቋ ክፍልፋዩ ተነቅሏል ማለት ነው። ከዚያ ከታች በኩል ስፌቱን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን ያድርጉት። ከሰመጠ ይተዉት። ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ ክብደቱን የሞተሩ አንገት አይችለውም፣ በንዝረት ይሰነጠቃል። ለብቻው ማቆሚያ፣ በመካከልም የሚተጣጠፍ ቱቦ ይፈልጋል። ይህን ወጪ ሲደምሩት ርካሽነቱ ይጠፋል።

አሁን ወደ በያጁ። ጥሩ በያጅ ጋ ሲሄዱ «ማርሚታ ሥራልኝ» ብቻ ብለው አይመለሱ። ልኩን ይስጡት። የማርሚታው ሆድ ከሲሊንደሩ ይዘት አሥር እጥፍ ገደማ ይሁን ይበሉት። 0.8 ሊትር ለሆነ ሞተር ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቢሠራ ከዘጠኝ ሊትር በላይ ይይዛል፣ በቂ ነው። መሐሉን ጭስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ባለው ላሜራ ለሁለት ይክፈለው፤ መግቢያውና መውጫው ቱቦ ፊት ለፊት አይተያዩ፣ አለዚያ ድምፁ ቀጥ ብሎ ያልፋል። መውጫው ከሞተሩ ጭስ ማውጫ አይጥበብ። ላሜራው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ስስ ከሆነ ራሱ እንደ ከበሮ ይጮኻል። በመጨረሻ ከታች በኩል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሳ። በዚያ የሚንጠባጠበው ውሃ የማርሚታውን ዕድሜ ያራዝማል። ብዙ በያጆች ይህችን ቀዳዳ «ጭስ ታወጣለች» ብለው ይዘልሏታል፣ እርስዎ ግን እሺ እንዳይሏቸው። አሮጌ የውሃ ቧንቧም ልጠቀም ካለ ይከልክሉት። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ጭሱ መርዝ ነው፣ በያጁን ማታ ትኩሳት ይዞ ያንቀጠቅጠዋል።

ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት)? ዝናብና ዝገት ለመቋቋም ጥሩ ነው፤ ድምፅ ግን አይቀንስም። ገንዘቡ ካለዎት ይሁን።

አንዳንድ ወጣት በያጆች ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ቱቦ በመስታወት ቃጫ (ፋይበር ግላስ) ጠቅልለው መሥራት ጀምረዋል። ቤታቸው ቀላል አውሮፕላን የሚሠሩ ፈረንጆች ሲሠሩት አይተው ነው። እነዚያ ሰዎች ግን የሚታገሉት ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶቹ አውሮፕላናቸው ላይ የሚገጥሙት ሮታሪ የሚባለው ሞተር የጭስ ቫልቭ የለውም፣ መውጫው በድንገት ነው የሚከፈተው፣ ጭሱም እጅግ ግለት አለው። ድምፁ ስለታም ነው፤ ማርሚታውም ሙቀት የሚችል፣ ግን ቀላል መሆን አለበት። ቃጫው እነሱ ጋም ተቃጥሎ ተበትኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የእኛ ወፍጮ መሬት ላይ የተተከለ ነው፣ ክብደት አያሳስበውም። ቃጫ የሚይዘው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የናፍጣውን ወፍራም ድምፅ ብዙም አይነካውም፣ ጥላሸትም ይደፍነዋል።

ለቤንዚን ፓምፕ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። የፋብሪካውን፣ መከለያው ያልተነቀለውን ይግዙ። ቆላ ላይ የጋለ ማርሚታና ደረቅ ገለባ አይስማሙም። ማርሚታው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፓምፑን ጉድጓድ ውስጥ አውርደው አያስነሱ፤ የቤንዚን ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ለወፍጮ ቤትም ቢሆን ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ይውጣ፤ ጫፉ ላይ ዝናብ የሚከለክል ክዳን ይኑረው።

ለበያጁ ሙሉ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ወፍጮውን እህል አጉርሰው ያስነሱት። ጥቁር ጭስ ከበዛና ዙሩ ከወረደ መውጫው ጠቧል፣ ያስፋው። ድምፁ ካልቀነሰ ጩኸቱ ከጭሱ ይሁን ከድንጋዩ ይለዩ፤ የወፍጮ ድንጋይን ጩኸት የትኛውም ማርሚታ አይችለውም። ቀኑን ሙሉ እዚያ ለሚቆመው ልጅ የጆሮ መድፈኛ ይግዙለት።